ገመዱን አያላሉት፦ የጀማሪ ሁለት ቀን በሬኒየር በረዶ ላይ

ሲያትል ዘመድ ካለዎት ሬኒየር የሚለውን ስም ሳይሰሙ አልቀሩም። በከተማዋ ደቡብ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶችና ሱቆች ከሚገኙባቸው አካባቢዎች አንዱን ሰንጥቆ የሚያልፈው ረጅም ጎዳና ሬኒየር አቬኑ ይባላል። ስሙ የመጣው ከተራራው ነው። ሰማዩ በጠራ ቀን ወደ ደቡብ ቢመለከቱ ከቤቶቹና ከመብራት ሽቦዎቹ በላይ አንድ ግዙፍ ነጭ ተራራ ብቻውን ቆሞ ያያሉ። ደመና ሲበዛ ደግሞ ለቀናት ይጠፋል። ስለዚህ የሲያትል ሰዎች ተራራው በታየ ቁጥር «ዛሬ ተራራው ወጥቷል» ይባባላሉ፤ እኛ ስለ ፀሐይ እንደምንለው።

ታላቅ ወንድሜ እዚያ ከተማ አሥራ አንድ ዓመት ኖሯል። ተራራውን የሚያውቀው ግን በመኪና መስታወት ብቻ ነበር። ባለፈው ሐምሌ የዓመት ፈቃዴን ይዤ ልጠይቀው ስሄድ ለሁለታችንም ለጀማሪዎች የሚሰጥ የሁለት ቀን የበረዶ ላይ ጉዞ ትምህርት አስመዝግቦ ጠበቀኝ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ጫፉን መርገጥ ይፈልጋል፤ የሚቻል መሆን አለመሆኑን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። እናታችን በስልክ ስትሰማ «በረዶ ካማረሽ የአዲስ አበባ ሐምሌ መቼ አነሰሽ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ እኛ በረዶ የምንለው ብዙ ነገር ነው። ቆርቆሮ ላይ የሚንኳኳውም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውም፣ ፊልም ላይ እንደ ጥጥ የሚወርደውም በረዶ ነው። ሬኒየር ላይ ያለው ግን ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ግግር በረዶ የሚባለው ክረምት የጣለው በረዶ በበጋ ቀልጦ ሳያልቅ ሌላ እየተደረበበት፣ በራሱ ክብደት ተጠቅጥቆ ጠጣር ሲሆን ነው። ከዚያ ዝም ብሎ አይቀመጥም። እንደ ወፍራም ማር ቀስ እያለ ቁልቁል ይፈስሳል። ከሥሩ ያለው መሬት ድንገት ሲያዘቀዝቅ ላዩ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ጥልቀት ሊኖረው ይችላል። ክረምት ሲመጣ አዲስ በረዶ አፉን ይከድነዋል። ከላይ ሲያዩት ልሙጥ ሜዳ ነው።

ሰሜን ተራሮችን በእግርዎ ከሳንቃበር እስከ ጨነቅ ከተጓዙ እግርዎና ሳንባዎ ለሬኒየር አያንሱም። በቁመትም ቢሆን ራስ ደጀን ይበልጠዋል። እሱ ከ4,500 ሜትር በላይ ሲሆን ሬኒየር 4,392 ሜትር ነው። ልዩነቱ ያለው የሚረግጡት ነገር ላይ ነው። ሰሜን ላይ መሬቱን ያምኑታል፤ ሬኒየር ላይ መሬቱን ማመን የለም። ትምህርቱ በአጠቃላይ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ትምህርቱ የሚሰጠው ፓራዳይዝ በሚባል ቦታ ነው፤ ገነት ማለት ነው። ከሲያትል በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። የቦታው ከፍታ 1,645 ሜትር ነው። ልብ ይበሉ፣ ከአዲስ አበባ በብዙ ዝቅ ይላል። ሆኖም ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚመጣው እርጥብ አየር ተራራው ላይ ሲወጣ ስለሚቀዘቅዝ በዓመት በአማካይ 16 ሜትር ያህል በረዶ ይወርድበታል። ከ1971 እስከ 1972 በነበረው አንድ ክረምት 28 ሜትር ተኩል ያህል ወርዷል፤ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ቁመት ነው። እኛ በሐምሌ አጋማሽ ስንደርስ በመኪና ማቆሚያው ዙሪያ አበባ ፈክቶ ነበር። ትንሽ ወጣ ሲሉ ደግሞ ያልቀለጠ በረዶ ላይ ቁምጣ የለበሱ ልጆች ይንሸራተታሉ።

ጠዋት መጀመሪያ የሰጡን መሣሪያ ሳይሆን ወረቀት ነው። የምሠራው ማርኬቲንግ ላይ ነው፤ «የማይረሳ ትዝታ» የሚለውን ሐረግ ለስንት ደንበኛ እንደሸጥኩ አልቆጥረውም። ስለዚህ ወረቀቱን በሙያ ዓይን አነበብኩት። ሊገድለኝ የሚችለውን ሁሉ በተራ ይዘረዝራል፦ የድንጋይ ናዳ፣ የበረዶ ናዳ፣ ስንጥቅ፣ መብረቅ፣ ብርድ፣ የሌላ ተማሪ ስህተት። አገልግሎቱ ሊገድልዎት እንደሚችል ከፊርማዎ በፊት የሚነግርዎት ሻጭ ብዙ አያጋጥምም። እኔ ወደድኳቸው። ከዝርዝሩ ውስጥ «የሌላ ተማሪ ስህተት» የሚለው ላይ ግን ዓይኔ ቆየ። ሌላው ተማሪ ወንድሜ ነው፤ ለእሱም ሌላዋ ተማሪ እኔ ነኝ።

ቀጥሎ መሣሪያው መጣ። እንደ እንጨት የደረቀ ጫማ፣ ከጫማው ሥር የሚታሰር ክራምፖን የሚባል ባለ አሥራ ሁለት ጥርስ ብረት፣ የራስ ቁር፣ ወገብና ጭን ላይ የሚጠብቅ ሃርነስ የሚባል ቀበቶ። አይስ አክስ የሚሉትም አለ። በስሙ መጥረቢያ ቢሆንም መልኩ ለዶማ ይቀርባልና እኔ ዶማ እለዋለሁ።

የመጀመሪያው ትምህርት መራመድ ነበር። አስተማሪያችን ፀሐይ ፊቷን ያጠቆራት፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። «ሁላችሁም መራመድ የምትችሉ ይመስላችኋል» ብላ ጀመረች። አረማመዱ እንዲህ ነው፦ አንድ እግርዎን ወደፊት ያደርጋሉ፤ ክብደትዎን ግን አያሳርፉበትም። የኋላ እግርዎ ጉልበቱ ቀጥ ብሎ ይቆለፋል፣ ክብደትዎን ጡንቻ ሳይሆን አጥንት ይሸከመዋል። ለአንድ ትንፋሽ ያርፋሉ። ከዚያ ሌላው እግር። ሲያዩት ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው አረማመድ ይመስላል። ነገር ግን ሰዎች ጫፉ ድረስ ለብዙ ሰዓታት የሚወጡት በዚሁ ነው። ዳገቱ ሲጠነክር እግርን እንደ ዳክዬ ወደ ውጭ ከፍቶ የክራምፖኑ ጥርሶች ሁሉ በረዶውን እንዲነክሱ ማድረግ ያስፈልጋል። ዶማው ሁልጊዜ በዳገቱ በኩል ባለው እጅ ይያዛል።

ከምሳ በፊት መውደቅ ተማርን። ክራምፖን አስወለቁን፤ ሲንሸራተቱ ጥርሱ በረዶው ላይ ከተነከሰ ቁርጭምጭሚት ይሰብራል። ሥሩ ለጥ ያለ ሜዳ የሆነ ዳገት ተመረጠ። አንድ እጅ የዶማውን ራስ ትከሻ አጠገብ ይይዛል፣ ሌላው የእጀታውን ጫፍ ዳሌ አጠገብ፤ እጀታው ደረትን በሰያፍ ያቋርጣል። ሲንሸራተቱ በሆድ ይገለበጡና ሹሉን ጫፍ በደረትዎ ክብደት በረዶው ውስጥ ይጫኑታል፤ እግርዎን ከፍተው በጫማዎ ጫፍ ይቆፍራሉ። ይህን በአራት ዓይነት አወዳደቅ ደጋገምነው፦ በሆድ፣ በጀርባ፣ በጭንቅላት ወደ ታች በሆድ፣ በጭንቅላት ወደ ታች በጀርባ። የመጨረሻው ላይ ሰማይና ተራራ ቦታ ይለዋወጣሉ። ልምምዱ ተደጋግሞ ሳያስቡት እስኪመጣ ድረስ አይቆምም፤ ምክንያቱም በረዶ ላይ የሚንሸራተት ሰው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ሊያቆመው የማይችለው ፍጥነት ላይ ይደርሳል። ልጅነት ትዝ አለኝ፤ አንገቴ ሥር የገባው በረዶም እስከ ማታ አብሮኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ገመዱ ወጣ።

ግግር በረዶ ላይ ሰዎች በገመድ ተያይዘው የሚሄዱት የተከደነ ስንጥቅ አንዱን ቢውጠው ሌሎቹ እንዲይዙት ነው። ይህን በወረቀት ላይ ማንም ይረዳዋል። ነገር ግን ወንድሜ ዘጠና ሁለት ኪሎ ነው፤ እኔ ሃምሳ አምስት። ገመዱ ወገቤ ላይ ሲታሰር ሁለታችንም የምናስበው አንድ ነገር ነበር፤ ማንም አልተናገረውም። አስተማሪዋ ግን ገባት። «አሁን የምትፈልጉትን ጥያቄ እንጠይቅ» አለችና ወንድሜን ወደ አንድ የተቆረጠ የበረዶ ጠርዝ ወሰደችው። ቁመቱ የአንድ ፎቅ ያህል ነው። እሷ ለብቻዋ በረዶው ውስጥ በቀበረችው መያዣ በሌላ ገመድ አሰረችው፤ እኔ ካልቻልኩ ያ ገመድ ይይዘዋል።

የመጀመሪያውን ሙከራ ሆን ብላ አበላሸችው። በእኔና በወንድሜ መካከል ያለውን ገመድ ጥቂት ሜትር አላልታ እጄ ላይ አንጠለጠለችው፤ ሰዎች ሲደክማቸው እንደሚያደርጉት ነው። ወንድሜ ዘለለ። ለቅጽበት ምንም አልሆነም። ከዚያ የላላው አልቆ ገመዱ ሲወጠር ወገቤን አንድ ሰው በመኪና የጎተተኝ መሰለኝ። ዶማዬን ለመትከል ጊዜ አልነበረም። በሆዴ ወደ ጠርዙ ስሄድ የተጠባባቂው ገመድ ያዘን።

ሁለተኛው ሙከራ ላይ ገመዱ ሳይላላ፣ በረዶውን ለመንካት ብቻ ያህል ረግቦ ተዘረጋ። ወንድሜ ዘለለ። ውጥረቱን ወዲያው ተሰማኝ፤ ወደቅኩ፤ ዶማው ገባ፤ እግሬ ቆፈረ። ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ቆምን። ያው ሃምሳ አምስት ኪሎ፣ ያው ዘጠና ሁለት ኪሎ። ገመዱ የጠርዙን በረዶ እየቆረጠ ስለሚገባ ፍትጊያው ራሱ ከሸክሙ ይቀንሳል፤ ላልቶ የቆየ ገመድ ግን ወዳቂው ፍጥነት እንዲያገኝ ጊዜ ይሰጠዋል። ለካ ጥያቄው ስለ ኪሎ አልነበረም።

ወንድሜ ከጠርዙ ሥር ወጥቶ ሲመጣ ይቀልዳል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቀልደኛ ነው። «ያዝሽኝ እኮ» አለኝ፣ በጣም ዝግ ብሎ። የዘጠኝና የስድስት ዓመት ልጆች አሉት። ሁለታችንም ስለ እነሱ እያሰብን እንደነበር ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ከዚያ በኋላ ሕጎቹ ሌላ ትርጉም ያዙ። ገመዱ አይላላም፣ አይወጠርም። የፊተኛው ሲፈጥን ይፈጥናሉ፣ ሲቆም ይቆማሉ። ገመዱን በክራምፖን መርገጥ ነውር ነው፤ ሊቆርጡት ይችላሉ። ስልክ ኪስ ውስጥ ይቆያል፤ ፎቶ ለማንሳት ቆም ያለ ሰው የሌላውን ሰው ገመድ አላልቷል ማለት ነው። የወደቀን ሰው ማውጣትም ተማርን። ቀጭን ገመድ በወፍራሙ ላይ ተጠምጥሞ ክብደት ሲያርፍበት የሚነክስ፣ ሲለቀቅ የሚንሸራተት ፕሩሲክ የሚባል ቋጠሮ አለ። ገመዱን እንደ ዜድ ፊደል አጥፎ ጉልበትን የሚያበዛ አጎታተትም አለ። ይህን በአንድ ከሰዓት ተምሮ አወቅሁ ማለት አይቻልም። እኔ ቋጠሮውን ይዤ ተመለስኩ፤ አጎታተቱ ገና ነው።

በሁለተኛው ቀን ሙዪር ስኖውፊልድ በተባለው ሰፊ የበረዶ ዳገት ወጣን። መጨረሻው ካምፕ ሙዪር ሲሆን ወደ ጫፉ የሚሄዱ ብዙዎቹ ወጪዎች የሚያድሩበት ነው። ከፍታው 3,105 ሜትር ነው፤ ከእንጦጦ አናት ጋር የሚቀራረብ። ስያሜው እ.ኤ.አ. በ1888 ተራራውን ከወጣው ከተፈጥሮ ተቆርቋሪው ጆን ሙዪር የመጣ ነው። በነገራችን ላይ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1890፣ ፌይ ፉለር የተባለች የሃያ ዓመት አስተማሪ ጫፉን በመርገጥ የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። የዛሬው ጫማ አልነበራትም።

2,700 ሜትር አካባቢ ስንደርስ ከምዕራብ ደመና መጣ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ የበረዶውና የሰማዩ ቀለም አንድ ሆነ፤ ከፊቴ ያለውን ሰው ልብስ እንጂ የሚረግጠውን አላይም። አስተማሪዋ ሰዓቷን አየችና «እንመለሳለን» አለች። ከእኛ ጋር የነበረ አንድ ሰው ተቃወመ፤ ከሩቅ መጥቷል፣ ከፍሏል፣ ካምፑ ደግሞ ቅርብ ነው። እሷ በካርታ መለሰችለት። የበረዶው ዳገት በግራና በቀኝ በኒስኳሊና በፓራዳይዝ ግግር በረዶዎች መካከል ነው። በእንዲህ ያለ ጭጋግ ትንሽ ወደ ጎን ያዘነበለ ሰው ሳያውቀው ስንጥቅ ወዳለበት ይገባል፤ እዚህ ዳገት ላይ ጠፍተው የቀሩ ሰዎች አሉ።

ቢዝነስ የተማረ ሰው ይህን በሌላ ስም ያውቀዋል። የወጣ ወጪ አይመለስም፤ የሚቀጥለው ውሳኔ እሱን ማየት የለበትም። ክፍል ውስጥ ለፈተና የሸመደድኩት ነገር ነው። ጭጋግ ውስጥ፣ ከካምፑ 400 ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ጫማ እየቆነጠጠ ሲሆን ግን ለማመን ጉልበት ይጠይቃል። ዕውቀትና ልምድም ሁሉን አያስቀሩም። በሰኔ 1981 በዚሁ ተራራ ኢንግራሃም በተባለው ግግር በረዶ ላይ የተናደ በረዶ አሥራ አንድ ሰዎችን ገድሏል። አንዱ መሪ ነበር። በየዓመቱ ጫፉን ከሚሞክሩት አሥር ሺህ ገደማ ሰዎች የሚደርሱት ግማሽ ያህሉ ናቸው፤ ሌሎቹን በአብዛኛው የሚመልሳቸው የአየር ጠባይና የራሳቸው አቅም ነው። ስንወርድ ወንድሜ ዝም ብሎ ነበር፤ ገመዱ ግን አንድም ጊዜ አልላላም።

ቤተሰብ ይዘው ለመሄድ ካሰቡ ለልጆች ገመድም ዶማም አያስፈልግም። ፓራዳይዝ ላይ ኒስኳሊ ቪስታ የሚባል አጭር የእግር መንገድ አለ፤ ትንንሽ ልጆችም ይችሉታል፤ ግግር በረዶውን በዓይናቸው ያዩበታል። አበባው የሚፈካው ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ ነው። ቅዳሜና እሑድ መኪና ማቆሚያው በጠዋት ስለሚሞላ በጊዜ ይነሱ፤ ከተማው ቢሞቅም ጃኬት ይያዙ። በረዶ የፀሐይን ጎጂ ጨረር እስከ ሰማንያ በመቶ ድረስ መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ጥቁር መነጽርና የፀሐይ ቅባት ግድ ነው፤ ቅባቱ ከአገጭ ሥርና ከአፍንጫ ቀዳዳ ሳይቀር። «ጥቁር ሰው ፀሐይ ምን ያደርገዋል» ያለው ወንድሜ ለሳምንት ከንፈሩ ተሰንጥቆ እንጀራ በወጥ መብላት አቅቶት ነበር።

ለራስዎ ትምህርቱን ከፈለጉ የአንድ ቀኑም የብዙ ቀኑም አለ። ዋጋው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነውና አስቀድመው ያነጻጽሩ። ግግር በረዶ ላይ ለመሄድ ከፓርኩ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። የጉዞ ኢንሹራንስዎንም ያንብቡት፤ ብዙዎቹ ተራራ መውጣትን አይሸፍኑም። ከመሄድዎ በፊት ለሁለት ሦስት ወር ሻንጣ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ይበቃል። ለዚህ እንጦጦን የመሰለ ቦታ ሲያትሎችም የላቸውም።

ልጆችን አሁን መውሰድ የሚገባበት ሌላም ምክንያት አለ። ከመቶ ዓመት በፊት በተነሱ ፎቶዎች ላይ የኒስኳሊ ግግር በረዶ ዛሬ ድንጋይ ብቻ የሆነውን ሸለቆ ሞልቶ ወደ ታች ይወርዳል። በእኛ አህጉር የቀሩት የኪሊማንጃሮ፣ የኬንያ ተራራና የሩዌንዞሪ ናቸው። ዩኔስኮ በ2022 ባወጣው ጥናት እነዚህ በ2050 ይጠፋሉ ተብሎ ይጠበቃል። የእኛዎቹ የሰሜንና የባሌ ተራሮችም በጥንቱ የበረዶ ዘመን ግግር በረዶ ነበራቸው፤ ዛሬ የቀረው ትቶት የሄደው የድንጋይ ክምር ነው።

ወንድሜ ለሚቀጥለው ሐምሌ ለጫፉ ጉዞ ስሙን አስይዟል። የቤቱን ደረጃ ውሃ በሞላ ሻንጣ ይመላለስበታል፤ ትልቋ ልጁ ትቆጥርለታለች፤ ትንሹ ደግሞ የመጋረጃውን ገመድ ፕሩሲክ እየቋጠረ አስቸግሯል። ባለቤቱ ለረጅም ጊዜ እሺም እንቢም አላለችም። ባለፈው እሑድ ስደውል ስልኩን ወሰደችና «የሚሄድ ከሆነ ገመዱን አንቺ ካልያዝሽ አልፈቅድም» አለችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ አሥራ አምስት ኪሎ ተሸክሜ እንጦጦ መውጣት ጀምሬያለሁ። የዓመት ፈቃድ ቅጹ ግን ገና ሳይሞላ ጠረጴዛዬ ላይ ነው።